ወጥ እና ድጋሚ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1994 ምሽት ጌም ሾው ኔትወርክ የተባለ የኬብል ጣቢያ በአሜሪካ ሥርጭት ጀመረ። የተቋቋመው የቴሌቪዥን ውድድሮችንና ጨዋታዎችን ብቻ ለማሳየት ነው፤ ዛሬ በሦስት ፊደል ጂ.ኤስ.ኤን. ይባላል። አዲሱ ጣቢያ ለመክፈቻው የመረጠው ግን ያረጀ ነገር ነበር፤ «ዋትስ ማይ ላይን» የተሰኘው ዝግጅት በ1950 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን፣ ጥቁርና ነጩን፣ አርባ አራት ዓመት የሞላውን ክፍል። (ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በታችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያች ምሽት ወዲህ ጣቢያው በሁለት ቃላት መካከል ሲጎተት ኖሯል። አስተዳዳሪዎቹ ራሳቸው ያሠሯቸውን አዳዲስ ውድድሮች «ኦሪጅናል» እያሉ ያስተዋውቃሉ፤ የቆዩ ወዳጆቹ ደግሞ የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን «ክላሲክ» መልሱልን ይላሉ። ክርክሩ እንደማንኛውም የገበያ ክርክር ነው። እኔን የያዘኝ ሁለቱ ቃላት መቀመጫ መለዋወጣቸው ነው። ሥርወ ቃሉን ብንከተል «ኦሪጅናል» የሚለው ስም የሚገባው ለዚያ ለ1950ው ክፍል ነበር።

«ኦሪጅናል» የመጣው ከላቲኑ «ኦሪሪ» ነው፤ ወጣ፣ ተነሣ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሚነገረውም ለፀሐይ ነበር። ምሥራቅን «ኦሪየንት» ያሰኘው ይኸው ግሥ ነው። የኛም «ምሥራቅ» በዚያው መንገድ የሄደ ቃል ነው፤ ግእዙ ሠረቀ ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነውና። እዚህ ላይ ጸሐፊ ፊደሉን ካልጠበቀ ጉድ ይፈላል፤ በንጉሡ ሠ የተጻፈው ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ሲሆን በእሳቱ ሰ የተጻፈው ሰረቀ ሌብነት ነው። ስለ ፈጠራ ሥራ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አይገኝም።

ከ«ኦሪሪ» «ኦሪጎ» ወጣ፤ መነሻ፣ ምንጭ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን በፈረንሳይኛ በኩል የተቀበለው በመካከለኛው ዘመን መገባደጃ ላይ ነበር፤ ያኔም የሚነገረው ከሃይማኖት ትምህርት ጋር ነበር። የአዳምና የሔዋን በደል በእነርሱ ቋንቋ «ኦሪጅናል» ኃጢአት ይባላል፤ የኛ ሊቃውንት «ጥንተ አብሶ» የሚሉት ማለት ነው። ጥንት! ማንም ያንን ሰምቶ አዲስ የወጣ ኃጢአት አይመስለውም። «አዲስ፣ ከማንም ያልተቀዳ» የሚለው ፍቺ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ከመነሻው የተገኘ ነገር ቅጂ አይደለም፣ ቅጂ ያልሆነ ደግሞ ከዚህ በፊት አልታየም በሚል ዝላይ። የኬብል ጣቢያዎች በሌላ ሰው አሮጌ ፊልም ሲኖሩ ቆይተው በራሳቸው ገንዘብ አንድ ነገር ባሠሩ ቁጥር ይህንኑ ቃል ለጠፉበት። ስለዚህ በቴሌቪዥን ሰዎች አነጋገር «ኦሪጅናል» ስለ ሥራው ጠባይ ምንም አይነግረንም። የሚነግረን የከፈለው ማን እንደሆነ ነው።

የጣቢያው ዝርዝር ይህን ያጋልጣል። በ2002 የጀመረውና ቸክ ዎለሪ ለዓመታት የመራው «ሊንጎ» የጣቢያው ኦሪጅናል ተብሎ ይቆጠራል፤ ጨዋታው ግን በ1987 የታየ ነው። «ቼይን ሪአክሽን» በ2006 ኦሪጅናል ሆኖ መጣ፤ በ1980 ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው ጣቢያ አሳይቶት ነበር። «ዋሚ» በ2002 የተሠራው ከ1983ቱ «ፕሬስ ዩር ለክ» ነው፤ ያም ራሱ በ1977 ለጥቂት ጊዜ ከታየው «ሰከንድ ቻንስ» የተቀዳ ነበር። የዚያ የመጨረሻው ስም ትርጉም «ሁለተኛ ዕድል» መሆኑን ሳስብ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል። «ዘ ቼይስ» ከእንግሊዝ አገር መጣ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ እንደ «ፍሬንድ ኦር ፎ» እና እንደ «አሜሪካ ሴይስ» ያሉ እዚያው ጣቢያ ላይ የተወለዱም አሉ፤ እነሱ ቃሉን ያለ ሐፍረት ሊሸከሙት ይችላሉ።

በአዲስ አበባ ገበያ «ኦሪጅናል» የሚሸከመው ሌላ ሸክም ነው። ጫማ ሻጭ ኦሪጅናል ነው ሲል አዲስ ሐሳብ ነው ማለቱ አይደለም፤ ፎርጂድ አይደለም ማለቱ ነው። ይህ አጠቃቀም ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ለላቲኑ ይቀርባል፤ ከምንጩ የመጣ ማለት ነውና። ለድርሰት ሥራ ግን አማርኛ የራሱ ቃል አለው፤ ወጥ። የድስቱን ወጥ ማለቴ አይደለም፤ ያልተቆረጠው፣ ያልተጣጠፈው፣ አንድ የሆነው ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከወጥ አለት የተፈለፈሉ ናቸው እንላለን፤ በዚያው ቃል ትርጉም ወይም ውርስ ያልሆነውን ድርሰት ወጥ ሥራ እንለዋለን። ላቲኑ «መቼ ተነሣ?» ብሎ ሲጠይቅ አማርኛው «መጋጠሚያ አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ መለኪያ በ2002 የተሠራው «ዋሚ» ወጥ አይባልም፤ ስፌቱ ይታያል።

«ክላሲክ» ደግሞ የተወለደው ግብር መዝገብ ላይ ነው። የሮም ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ንጉሥ ሰርቪየስ ቱሊየስ ሕዝቡን በሀብቱ መጠን በየመደቡ አስመዘገበው፤ መደቡም «ክላሲስ» ይባል ነበር። «ክላሲኩስ» የሚባለው ግን በመጀመሪያው መደብ የተመዘገበው ባለጸጋ ብቻ ነው፤ የቀሩት «ከመደቡ በታች» ነበሩ። በ2ኛው ክፍለ ዘመን አውሉስ ጌሊየስ የተባለው ጸሐፊ በመጽሐፉ ውስጥ ፍሮንቶ የተባለውን ሊቅ ሲያናግረው፣ ቃሉ ከገንዘብ ወደ ድርሰት ይሻገራል፤ የቋንቋ ጥያቄ ሲነሣ ምስክርነቱ የሚታመነው ደራሲ «ክላሲኩስ» ነው፣ ድኃው አይደለም ይላል። ያም ደራሲ የጥንት ሰው መሆን ነበረበት። ስለዚህ ቃሉ ገና ከጅምሩ ዕድሜንና ማዕረግን አንድ ላይ ይዟል፤ የዛሬ ተመልካቾች «ክላሲክ» ሲሉ ሁለቱን ለይተው አለመናገራቸው የእነሱ ጥፋት አይደለም።

እኛ ዘንድ «ክላሲካል» ተብሎ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ ሙዚቃ ነው፤ ሮምም ቢትሆቨንም የሉበትም። ለቆየውና ላልረከሰው ሥራ ያለን ስም «ዘመን አይሽሬ» ነው። ይህ ስም የተሠራበት ሻረ የሚለው ግሥ ከቤተ መንግሥት የመጣ ነው፤ ሾመ ሻረ፣ ሹም ሽር። ዘመን ሹመቱን ያልገፈፈው ማለት ነው። ላቲኑ ከግብር መዝገብ፣ አማርኛው ከሹመት መዝገብ ቃል መቅዳታቸው ያስቀኛል፤ ሁለቱም ኪነ ጥበብን ለመመዘን የመንግሥት ሠራተኛ መጥራት አስፈልጓቸዋል።

የጣቢያውን «ክላሲክ» የመረጠው ግን ሹምም ሆነ ሀያሲ አልነበረም። ባብዛኛው የመረጠው የቴፕ ዋጋ ነው። ቪዲዮ ቴፕ በ1956 ሲመጣ ውድ ነበርና ጣቢያዎች የቀን ውድድሮችን ከቀዱ በኋላ ደምስሰው በላዩ ሌላ ይቀዱበት ነበር። ከ1964 እስከ 1975 አርት ፍሌሚንግ የመራው የመጀመሪያው «ጄፐርዲ» አብዛኛው በዚህ መንገድ ጠፍቷል፤ የተረፉት ክፍሎች ጥቂት ናቸው። «ዋትስ ማይ ላይን» የተረፈው በእሑድ ምሽት በቀጥታ ሲተላለፍ በኪነስኮፕ ይቀረጽ ስለነበር ነው። ኪነስኮፕ ማለት የፊልም ካሜራን ከቴሌቪዥን መስኮት ፊት አቁሞ መቅረጽ ነው፤ ስሙን ከግሪክኛ «እንቅስቃሴ» እና «ማየት» አገናኝቶ ያወጣው ቭላዲሚር ዝዎሪኪን ሲሆን እርሱ የሰየመው መስተዋቱን ራሱን ነበር፤ ፊልሙ ስሙን በኋላ ወረሰ። የዝግጅቱ ባለቤቶች ማርክ ጉድሰንና ቢል ቶድማን ፊልሞቹ እየተጣሉ መሆኑን ሲያውቁ ለማስቀመጫው ከፈሉ። ከ1952 አጋማሽ በፊት የነበረው ብዙው ያለቀው ከዚያ በፊት ነው። እንግዲህ የዛሬው «አንደኛ መደብ» የተሞላው በችሎታ ብቻ ሳይሆን መጋዘን በተከፈለለት ነው፤ ይህም ከሰርቪየስ ቱሊየስ አሠራር ብዙ አይርቅም።

ለድጋሚ ሥርጭት የእንግሊዝኛው ቃል «ሪረን» ነው፤ እንደገና መሮጥ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተነገረው ለፈረስና ለሰው ሩጫ ነበር፤ አከራካሪ የሆነ እሽቅድድም እንደገና ይሮጣል። በ1930ዎቹ ወደ ሲኒማ ገባ፤ ቴሌቪዥንም ከዚያ ወሰደው። ልማዱን ያጸናው «አይ ላቭ ሉሲ» ነው። ሉሲል ቦልና ባለቤቷ ዴዚ አርናዝ ከ1951 ጀምሮ ዝግጅታቸውን በኪነስኮፕ ሳይሆን በ35 ሚሊሜትር ፊልም አስቀረጹ፤ የፊልሙንም ባለቤትነት ለራሳቸው አስቀሩ። ሉሲል አርግዛ በ1953 መጀመሪያ ስትወልድ ክፍተቱ የተሞላው ቀደም ሲል በታዩ ክፍሎች ነበር። ሕዝቡ አልተቆጣም፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ጊዜ ቴሌቪዥን ያልነበረው ብዙ ሰው ስለነበር ለእርሱ ድጋሚው መጀመሪያው ሆነ።

የአማርኛው ደገመ ከዚህ ሩጫ ይልቅ ሰፊ ዓለም አለው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ክፍል የደገመ ተማሪ ደጋሚ ይባላል፣ ስድብ ነው። ያው ግሥ ግን ጎህ ሲቀድ ከአዛውንት ደጃፍ ይሰማል፤ ዳዊት ይደግማሉ። መቶ ሃምሳውን መዝሙር ዕድሜ ልኩን በየሳምንቱ የሚመላለስበትን ሰው «አሮጌ ነገር ነው የሚያነበው» ያለ ሰው የለም። ድግምትም ከዚሁ ግሥ ወጣ፤ የተደጋገመ ቃል ኃይል አለው የሚል እምነት በውስጡ አለ። (አሜሪካኖቹ «ዋሚ» የሚሉት የተጫዋቹን ገንዘብ የሚበላ ቀይ ጭራቅ በስሙ ርግማን፣ መተት ማለት መሆኑ ደስ ይለኛል።) አምስተኛው የሙሴ መጽሐፍ ኦሪት ዘዳግም ነው፤ ሕጉ አስቀድሞ ተነግሯል፣ ሙሴ ግን በሞዓብ ሜዳ ለአዲሱ ትውልድ መልሶ ይነግረዋል። ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ ዳግም ትንሣኤ ይባላል፤ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ ቶማስ አልነበረም፤ ከስምንት ቀን በኋላ እርሱ ባለበት ዳግመኛ ተገለጠ። አንድ ሰው ስላመለጠው የተደገመ! የቴሌቪዥናችን አስተዋዋቂ «በድጋሚ ይቀርባል» ሲል ይህን ሁሉ አያስብም፤ ቃሉ ግን ተሸክሞታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሪረን» ሲል ድምፁ ውስጥ ትንሽ ንቀት አለ፤ አማርኛው ንቀቱን ለተማሪው ብቻ ትቶለታል።

«ጌም» የሚለውም ቃል መታጠቢያ ሆኖ ያገለገለበት ጊዜ አለ። በ1950ዎቹ እነዚህ ዝግጅቶች በብዛት የሚጠሩት «ኩዊዝ» ተብለው ነበር። ስለዚያ ቃል የሚነገረው ተረት ጣፋጭ ነው፤ የደብሊን ቴአትር ቤት ባለቤት ሪቻርድ ዴሊ ትርጉም የሌለው ቃል ባንድ ሌሊት ከተማውን አስወራለሁ ብሎ ተወራርዶ በየግድግዳው በጠመኔ አስጻፈው ይላሉ። ተረቱ የሚያስቀምጠው ዘመን ግን ቃሉ አስቀድሞ ለእንግዳ፣ ለአስቂኝ ሰው መጠሪያ ሆኖ ተጽፎ ከተገኘበት ዘመን በኋላ ነውና ውርርዱ አልሠራም። ትክክለኛ ምንጩ አልታወቀም፤ «ፈተና» የሚለውን ፍቺ ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ነው። በአማርኛ «ጥያቄና መልስ» እንላለን፤ ግእዙ ጠየቀ መረመረ፣ አረጋገጠ ማለት ነበር፣ መልስም ከመለሰ ነው፤ ያረጋገጥከውን መልሰህ ታስረክባለህ።

«ትዌንቲ ዋን» በተባለው የ1950ዎቹ ኩዊዝ ላይ የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ሆነ። መልሱ አስቀድሞ ይሰጥ ነበር። ኸርበርት ስቴምፐል እንዲሸነፍ ተነግሮት ተሸነፈ፤ ያሸነፈው ቻርልስ ቫን ዶረን በ1959 በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ማጭበርበሩን አመነ። በ1960 እንዲህ ያለውን ሸፍጥ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲያ «ኩዊዝ» የቆሸሸ ቃል ሆነ፤ አዘጋጆቹም «ጌም ሾው» ወደሚለው ተሻገሩ። «ጌም» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ደስታ፣ ፈንጠዝያ ነበር፤ ሥሩን «አንድ ላይ» እና «ሰው» ብለው የሚፈቱት ሊቃውንት አሉ። ልክ ከሆኑ ከኛ «ጨዋታ» ጋር ይገናኛል፤ ጨዋታ ኳስም ነው፣ ቡና ላይ የሚደረግ ወግም ነው፣ ሁለቱም ብቻን አይሆኑም። «ሾው» ደግሞ መጀመሪያ ማየት ነበር፤ ኋላ ማሳየት ሆነ። ትርኢትም ከግእዙ ርእየ፣ አየ፣ የወጣ ነው።

ከቅሌቱ ፍርስራሽ ላይ የተሠራው ደግሞ «ጄፐርዲ» ነው። ጁላን ግሪፈን ለባለቤቷ ለመርቭ፣ መልሱን አስቀድመን ብንሰጣቸውስ አለችው፤ ተወዳዳሪው ጥያቄውን ይፈልግ። ስሙ መጀመሪያ «ጥያቄው ምንድን ነው?» ነበር። አንድ የጣቢያ ኃላፊ ጨዋታው ተጨማሪ «ጄፐርዲ»፣ ማለትም አደጋ፣ ያስፈልገዋል ብሎ ሲናገር ስሙ ወጣለት። ቃሉ የመጣው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ዠ ፓርቲ» ነው፤ የተከፈለ ጨዋታ፣ የማሸነፍና የመሸነፍ ዕድሉ እኩል የሆነ። መርቭ ግሪፈን ስለ አደጋ ሲያስብ ሳያውቀው ጨዋታ የሚል ስም ለጨዋታ ሰጥቷል።

ወደ ጣቢያው ልመለስ። ድጋሚ የሚኖረው በውል ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ያልቃል። ከ1997 መገባደጃ እስከ 1998 ጸደይ ድረስ ጂ.ኤስ.ኤን. በአብዛኛው የጉድሰን ስብስብ ላይ የነበረውን መብት አጥቶ ሶኒ በያዛቸው ሥራዎች ብቻ ቆየ። ወዳጆቹ ያንን ወቅት «የጨለማው ዘመን» ብለው ሰየሙት፤ ስድስት ወር ገደማ ለሆነ ነገር ትልቅ ስም ነው፣ ግን ማንም አልቀነሰላቸውም። በ2004 ጣቢያው ስሙን ወደ ሦስቱ ፊደላት አሳጥሮ ካርታና ቁማር ሲያስገባ «ጌም» የሚለው ቃል እንደ ላስቲክ ተለጠጠ፤ ፖከርም ጌም ነውና። የጉድሰንን ስብስብ የወረሰው ፍሪማንትል በ2015 ለአሮጌዎቹ ብቻ «በዘር» የተባለ ጣቢያ ከፈተ። ስሙ የተጫዋቾች ደወል ድምፅ ነው፤ ቢያንስ እሱ ሥርወ ቃል አያስፈልገውም።

አንድ ጊዜ ግን ሁለቱ ጎራዎች በአንድ ሥራ ተገናኝተዋል። በ1984 ማይክል ላርሰን የተባለ የኦሃዮ ሰው «ፕሬስ ዩር ለክ» ላይ ቀርቦ 110,237 ዶላር ወሰደ። የመጫወቻ ሰሌዳው መብራት በዘፈቀደ የሚዘል ይመስል ነበር፤ እርሱ ቤቱ ተቀምጦ የተቀዱ ክፍሎችን ደጋግሞ ሲያይ አምስት ቅደም ተከተሎች ብቻ እንዳሉት ደረሰበት፣ ሸመደዳቸውም። ይህን ሰው ደጋሚ ካላልነው ማን ይባላል? ዝግጅቱን ያሳይ የነበረው ሲ.ቢ.ኤስ. ከፈለው፤ ያ ክፍል ግን ለብዙ ዓመታት ከድጋሚ ሥርጭት ተገልሎ ቆየ። ጂ.ኤስ.ኤን. በ2003 ቴፑን አውጥቶ ዘጋቢ ፊልም ሠራበት፤ ፊልሙ አዲስ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው አሮጌ።

በ2025 ደግሞ ብሩክ በርንስ የምትመራው «ቲክ ታክ ዶ» የጣቢያው አዲስ ኦሪጅናል ሆኖ መጣ። ጨዋታው በ1956 የተጀመረ ነው፤ የፈጠሩትም «ትዌንቲ ዋን»ን ያዘጋጁት ጃክ ባሪና ዳን ኤንራይት ናቸው፤ በዚያው ቅሌት ስሙ ተነሥቶም ነበር። በመዝገቡ ኦሪጅናል፣ በዕድሜው ክላሲክ፣ በታሪኩ ጥንተ አብሶ ያለበት። የጣቢያውን ሰዓት በብዛት የሚሞላው ግን ከሁለቱም ጎራ አይደለም፤ ስቲቭ ሃርቪ ከ2010 ጀምሮ የሚመራው «ፋሚሊ ፊውድ» ነው፤ በሌሎች ጣቢያዎች ከታየ በኋላ የሚደገም። ኦሪጅናል እንዳይባል ጣቢያው አላሠራውም፤ ክላሲክ እንዳይባል ገና እየተሠራ ነው። ማስታወቂያዎቹም ቃል አልፈለጉለትም፤ ስሙንና ሰዓቱን ብቻ ይጠራሉ።